ቫይኪንጎች ቁስቋም የደረሱበት ሳምንት

ሰኞ

ወንጌሉ የለም። ዛሬ ጠዋት የደብራችን የቁስቋም ዕቃ ቤት ሲከፈት ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መቆለፊያው አልተሰበረም። ቁልፉ ያለው ደግሞ አባቴ ወገብ ላይ ብቻ ነው፤ ገበዝ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ሲጠብቁ ኖረዋል።

የደብሩ አለቃ እኛ ቤት ድረስ መጡ። «እሑድ ንግሥ ነው፤ ወንጌሉ መውጣት አለበት። እስከዚያ ካልተገኘ ዝም ማለት አልችልም ልጄ» አሉኝ። ዝም ካላሉ አባቴ በስተርጅና ሌባ ሊባሉ ነው።

አባቴን ስጠይቃቸው፣ «አለ። አትጩሂ» ብቻ።

ማክሰኞ

ያልፈተሽኩት የለም፦ አልጋ ሥር፣ የዱቄት ጆንያ፣ የዶሮ ቤት። የጠፋ መነጽሬን አገኘሁ። ይኸም ድል ነው።

ምሳ ላይ አባቴ «መርከቦቹ የት ደረሱ?» አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውን ታሪክ እያነበብኩላቸው እለማመዳለሁ፤ የሰሞኑ የቫይኪንጎች ወረራ ነው። በባሕር መጥተው የእንግሊዝን ገዳም ሲዘርፉ፣ መነኮሳቱን ሲገድሉ ድረስ አንብበናል።

«ዘርፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ» አልኩ።

«ዘንድሮስ አይመለሱም። ሊከርሙ ነው የመጡት።»

ሳቅሁ። ከምሳ በኋላ የነገውን ገጽ ገለጥኩ። ከዓመታት በኋላ ትልቅ ጦር ሆነው ተመለሱ፤ እዚያው ከረሙ፤ የእንግሊዝ ትንንሽ መንግሥታት አንድ በአንድ ወደቁ ይላል።

ይኸን ገጽ ገና አላነበብኩላቸውም።

ረቡዕ

ምናልባት አንብቤ ረስቼው ይሆናል። መነጽሯን ዶሮ ቤት የምትጥል ሴት ምን ትታመናለች?

አባቴ ግን ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዳምጣሉ። «በቀሐ ወንዝ በኩል ነው የሚመጡት» ይላሉ። ቀሐ በበጋ ዳክዬ እንኳ አያንሳፍፍም አልኳቸው። አልሳቁም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወንጌሉን የሸሸጉት ከቫይኪንጎቹ ነው። አእምሯቸው ሲደክም እያየሁ፣ የተቃጠለ ገዳምና የተዘረፈ ወንጌል ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

«የት አኖሩት አባባ?» ብዬ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«ገበዝ የሸሸገበትን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገር። ለአያ መርሻ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ እሱው ጋ ሄጄ።»

አያ መርሻ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ንግግሬ ጠፋብኝ። ተማሪዎቹ ተያዩ።

ቆይቶ ነው የመጣልኝ። የሞተን ሰው የት ሄደው ያነጋግሩታል? መቃብሩ ጋ ነዋ! ሮጬ ለአለቃው ነገርኩ። ያሾፋሉ ብዬ ነበር፤ አላሾፉም። «ምነው ይገርምሻል? በደርቡሽ ጊዜም፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲቃጠሉ፣ አባቶች እንዲሁ ነው የሸሸጉት። ቦታውን ሳይናገሩ ያለቁም አሉ» አሉ።

ዓርብ

ከቅዳሴ በኋላ አለቃውና እኔ ሄድን። ከአያ መርሻ መቃብር ራስጌ፣ ጥዱ ሥር አፈሩ ለስላሳ ነው። አለቃው በእጃቸው ማሱት። ወንጌሉ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ደረቅ፣ ምንም ያልሆነ። እዚያው ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

«ቆይ» አሉ አለቃው። እጃቸው ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ከሥሩ ሌላ ጥቅል ነበረ። ቆዳው ደርቆ እንጨት ሆኗል። ውስጡ ጥቂት የብራና ቅጠሎች፣ ጠርዛቸው በእሳት የጠቆረ። አለቃው አማተቡ። በሕይወት ካሉት ይኸን ያውቅ የነበረ የለም።

አባቴ የራሳቸውን ጫማ ለይተው አያዩም። እንዴት በትክክል እዚያ ላይ ቆፈሩ?

እሑድ

ወንጌሉ ወጣ፤ እልል ተባለ። ሌባ ያለ የለም። አለቃው ቁልፉን በለዘብታ ጠየቁ፤ አባቴም ራሳቸው ፈትተው ሰጡ።

ከሰዓት በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። «ቦታውን ማን አሳየዎት?»

«አያ መርሻ ነዋ። "እዚህ ሌላም አለ፣ አብረህ አኑረው" አለኝ።»

ንባቡን ቀጥዪ ሲሉኝ፣ አለቀ፣ ሁሉም ሄደዋል ብዬ ዋሸሁ። ወደ ቀሐ ዞሩ። እጃቸው ቁልፉ የነበረበትን ወገባቸውን ይዳብሳል።

«እንግዲህ ሲመጡ ማን ይሸሽግ?»

አሳዘኑኝ። «እኔ» አልኩ፣ ለማጽናናት ያህል።

ትከሻዬን በእጃቸው ፈልገው ያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ አንድ የመሸሸጊያ ቦታ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።