አባዬ የሌለበት የጥሪ ካርድ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ዛሬ የእህቴን የሜሮንን የሠርግ ጥሪ ካርድ ቤት ውስጥ ሳትም ዋልኩ። ከጎማ የቀረጽኩት የአበባ ማኅተም አምሮ ወጣልኝ። በጠሪ ቦታ ያለው ግን የእማዬ ስም ብቻ ነው። "ጥሎን የሄደን ሰው ስም እንዳታስገቢ" ብላኛለች ሜሮን።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ሳላስበው ከሚኖርበት ከመገናኛ ፈረንሳይ ሰፈር ቤታችን ድረስ መጣ። ካርዶቹ ቀለማቸው እንዲደርቅ አልጋው ላይ ተዘርግተው ስለነበር መደበቅ አልቻልኩም። አንዱን አንስቶ ቀስ ብሎ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

"እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ቆየት ብሎ፣ "ለእኔም አንድ ትሰጪኛለሽ?"

እምቢ ማለት አቃተኝ። ፖስታው ላይ "ለአቶ" ብዬ ጀምሬ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሙሉ ስሙን ጻፍኩለት። በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ወጣ።

ማታ ሜሮን ካርዶቹን አይታ በደስታ አቀፈችኝ። አባዬን እንደጠራሁት አልነገርኳትም።