አራት ጥንድ ሸራ ጫማ

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባለፈው ሳምንት ብረቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ስል፣ የጫማዬ ወፍራም ስፖንጅ ተንጋደደና ልወድቅ ነበር። አሰልጣኛችን ቶላ፣ «ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ግዛ፤ መሬቱ ይሰማህ» አለኝ። ሦስቱ የጂም ጓደኞቼም ለእኛም ግዛልን ብለው የእግራቸውን ቁጥር ሰጡኝ።

ዛሬ ገበያ ወረድኩ። ባለሱቁን ኦቦ ገመቹን ለዓመታት አውቃቸዋለሁ።

«አራት ጥንድ ይስጡኝ፤ ሁሉም ጥቁር።»

እጃቸው ካርቶኑ ላይ ቀረ።

«አራት ወንድ አንድ ዓይነት ጫማ አድርጋችሁ የት ልትሄዱ?»

«ጂም ነው፣ ኦቦ። ክብደት ልናነሳ።»

«ክብደት! ጤፍ የሚጭን ጠፍቶ ነው?» ሳቁና ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ይህን ገበሬ ነው የሚያደርገው። ጫካ የገባም ያደርገዋል። ፍተሻ ላይ መጀመሪያ የሚያዩት እግር ነው።»

አንድ ጥንድ ሰጡኝ። «ሌላው አልቋል» አሉ። ካርቶኖቹ ከኋላቸው ተደርድረው ይታዩኛል። ለእኔ ፈርተው ይሆን ወይስ እኔን ፈርተው?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሮጌውን አድርጌ፣ አዲሱን በፌስታል ይዤ ጂም ሄድኩ። እዚያ ቀይሬ ብረቱን ሳነሳ ተረከዜ ንቅንቅ አላለም።

«የኛስ?» አሉኝ ሦስቱ።

«አልቋል።»

አንደኛው ብቻ፣ ከየትኛው ሱቅ እንደገዛሁ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ኦቦ ገመቹ ወደ በሩ ማየታቸው ትዝ አለኝና፣ ረሳሁት አልኩት።