በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል?

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

ይህች ልጅ ስልክ እያለ ምን አስጻፋት እንደሚሉ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የዜማ ተማሪዎችዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል፣ ተመርቄ ረዳት መምህር ከሆንኩ ወዲህ የሚያዋራኝ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። አከራዬ እትዬ ጤናዬ አምሽቼ ስገባ፣ ከዚያ መነጽርሽ ጋር ሠርጉ መቼ ነው እያሉ ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ። በሬን ስዘጋ ግን ከቆርቆሮው ዝናብ በቀር የሚያናግረኝ የለም።

አባዬ፣ የምጽፈው ስለ ጉሮሮዎ ነው።

ሁዳዴ ሲጋመስ መጥቼ፣ እንጀራውን ገፋ አድርገው ቀጭን አጥሚት ብቻ ሲጠጡ አየሁ። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ መሪጌታ ዘንድሮስ ክንፍ ሊያወጡ ነው ብለው አደነቁ። አገሩ ሁሉ አመነ፤ እኔም። በፋሲካ የድርሻዎን ዶሮ እያነሱ እኔን ሲያጎርሱኝም ፍቅር መሰለኝ። ዳግም ትንሣኤ አልፎ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ሰሞን፣ ስሰናበትዎም እርስዎ ያው አጥሚት። በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል? ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?

ከተመለስኩ ጀምሮ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። የምግብ መውረጃችን ሴሎች ማሕሌት እንደቆሙ መዘምራን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይኖራሉ። ካንሰር ሲገባ አንዳንዷ የያዘችውን ጎረቤቷን ትለቃለች፤ ቅርጿን ታረዝማለች፤ መንገደኛ ትሆናለች። ርቃ ሄዳ ስትሰፍር ደግሞ የጥንት መልኳን መልሳ ትይዝና ቤት ትሠራለች። በሽታውን ከቦታ ቦታ የሚያዛምተው ይህ መለዋወጥ ነው ይላሉ። ሳነበው ራሴን አሰብኩ። እኔም ከእናንተ ተላቅቄ፣ ጸጉሬንም አነጋገሬንም ለውጬ መጣሁ፤ መስፈሩ ነው ያቃተኝ።

የያዘዎት ይህ ነው አልልም፤ እሱን ሐኪም ይየው። ቢሆን እንኳ ሴሎቹ ሳይላቀቁ ከተደረሰባቸው በቀዶ ሕክምና የዳነ ሰው ብዙ ነው። ከዘገየ ግን አጠገባቸው ካለው ይጀምራሉ፤ ድምፅ የሚያወጣውን ነርቭ ሳይቀር ይይዛሉ። ባሕር ዳር በቀጭን ካሜራ ውስጥን የሚያይ ሐኪም አለ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ይምጡልኝ፣ እዚህ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። ጠበሉንም አይተዉ፤ ይዘውት ይምጡ።

እሑድ ስደውል ያነሳችው እኅቴ እስከዳር ነበረች። አባዬን አቅርቢልኝ ብላት፣ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ማሕሌቱንም የሚመራው ሌላ ሰው ነው፣ ብርድ ነው አለችኝ።

ብርድ ይሆናል፣ አባዬ። የግንቦት ዝናብ እኮ ክፉ ነው።

ስልኩን የተውኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። እጅዎ እንደ ድሮው አሳምሮ ይጽፋል፤ ይህን ባደረሰልዎ ሰው እጅ፣ እመጣለሁ ብለው አንዲት ቃል ይላኩልኝ። የደብረ ወርቅ እመቤት ትጠብቅዎ፤ ለእኔም ታቆይልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ታናሽ ልጅዎ