ሚዩት የማይደረግበት ቅዳሜ
የመምህር ተክለሚካኤል ኪዳኔ የሕይወት ታሪክ (1935–2017 ዓ.ም.)

መምህር ተክለሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ኪዳኔ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጎበና በ1935 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ እንግሊዛዊ መምህራቸው እሑድ እሑድ ተማሪዎችን ቤታቸው እየጠሩ፣ ከለንደን በአጭር ሞገድ የሚተላለፈውን የቀልድና የሙዚቃ ፕሮግራም ያስደምጧቸው ነበር። ቀልዱ ባይገባቸውም፣ በራዲዮው ውስጥ ሕዝቡ ሲስቅ አብረው ይስቁ ነበር። ከዚህም የተነሳ እንግሊዝኛ ከየአረፍተ ነገሩ በኋላ ለሳቅ ቆም የሚባልበት ቋንቋ መስሏቸው ቀረ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሐረርና በድሬዳዋ እንግሊዝኛ ያስተማሩትም እንደዚያው ቆም እያሉ ነው። ተማሪዎቻቸው፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ ይስቁላቸው ነበር። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከበቡሽ አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሀናንና እንዳልክን ወለዱ።

በ1975 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ተሰደው ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ዴንቨር ገቡ። በመጀመሪያ ግሌንዴል፣ ኋላም ኦሮራ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ኖሩ። ጡረታ እስኪወጡ በመኪና ማቆሚያ ሠርተዋል።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመናን በስልክ ኮንፈረንስ መጸለይ ጀመሩ። የጸሎቱ ደንብ ሁሉም ስልኩን ሚዩት እንዲያደርግ፣ ማለትም የራሱ ድምፅ እንዳይሰማ እንዲዘጋ ነው። መምህር ግን በዚያው መስመር ቅዳሜ ከሰዓት የራሳቸውን የቀልድ ፕሮግራም ከፈቱ፤ ደንቡንም ገለበጡት። «ሚዩት እንዳታደርጉ፤ ሳቅ ካልተሰማ ምኑን ራዲዮ ሆነ?» ይሉ ነበር። ስለዚህ የዕቃ እጥበቱም፣ ሳሉም፣ የልጅ ልጆች እንግሊዝኛም አብሮ ይተላለፋል። እዚያው ዴንቨር አጠገብ ሊትልተን ብቻቸውን የሚኖሩት አቶ ዳኛቸው ሳምንቱን ሙሉ የሰው ድምፅ የሚሰሙት በዚህ መስመር ብቻ እንደነበር ነግረውናል።

መምህር በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው መስመሩ እንዲገናኝላቸው ጠየቁ። አድማጮች ድምፃቸው ደክሞ ሲሰሙ ልቅሷቸው እንዳይሰማባቸው ሁሉም ሚዩት አደረጉ። መምህር ቀልዳቸውን ጨርሰው ቆም አሉ። ሳቅ አልተሰማም። «ሰው የለም እንዴ?» አሉ። እኛ ልጆቻቸው ሁሉም መስመር ላይ እንዳለ ብንነግራቸው አላመኑንም፤ ማባበል መሰላቸው።

ወይዘሮ ከበቡሽ፣ በትዳራቸው ዘመን በባላቸው ቀልድ ስቀው የማያውቁት እናታችን፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ አቶ ዳኛቸው ሚዩቱን ከፍተው ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሳቁና ልቅሶው ተደባልቆ ክፍሉን ሞላው። መምህር ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ከበቡሽ፣ ገባሽ?» አሉ።

«አልገባኝም» አሉ እናታችን፤ ሳቃቸውን ግን አላቆሙም።

መምህር ተክለሚካኤል ሰኞ ሐምሌ 21 ቀን፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሔርሜላንና የቅዳሜ አድማጮቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቸሩ መድኃኔዓለም ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን፤ እዚያም ደስ የሚያሰኝ ድምፅ ያሰማቸው። አሜን።