ጉርጡ በእግሩ አልመጣም

ጊምቢቹ፣ ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ ለኑሪ፣ ቡልጋርያ

ናፍቆቴን እዚሁ ላይ ተቀበለኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

ስለ ጉርጡ ጽፈህ የላክህልኝን ጽሑፍ መምህር ወንዳፈረው አድርሶልኛል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የከበደኝን እሱ አስረዳኝ። ጉርጡን በመለየት ልክ ነህ። እኔ በየኩሬው የሚጮኸው ተራ ጉርጥ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን በአልኮል ነክሬ የላክሁልህን አገላብጠህ፣ ከዓይኑ ጀርባ ያለውን እብጠትና የሆዱን ነጠብጣብ አይተህ የሙዱላው የደጋ ጉርጥ መሆኑን አወቅህ። ከሙዱላ ውጭ ታይቶ የማያውቀው ጉርጥ አሁን ጊምቢቹ ቆላ ድረስ ይገኛል ብለህ ጻፍህ። እስከዚህ ድረስ ኮራሁብህ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምንድን ነው? «ጉርጡ በራሱ ጊዜ መኖሪያውን እያሰፋ ወደ ቆላው ወርዷል፤ አዲሱንም አካባቢ በሚገባ ለምዷል።»

በራሱ ጊዜ? ኑሪ፣ በዚያ በመንደር ምሥረታው ዓመት ከሙዱላ ጊምቢቹ በራሱ ጊዜ የወረደ ማን አለ?

አላወቅሁም አትለኝም፤ ያኔውኑ ጽፌልሃለሁ። ታጣቂዎቹ ቤታችንን አስፈርሰው አዲሱ መንደር ግቡ ባሉን ቀን፣ «እንሰት ምን ያደርግላችኋል? እዚያ በቆሎ ትዘራላችሁ» አሉን። እማዬ እሺ ልትል? ችግኞቿን ነቅላ በእርጥብ ቅጠል ጠቀለለችና አዘለቻቸው። መንገድ ላይ ድንገት ቆመች።

«ሰፊያ፣ ጀርባዬ ላይ የሚላወስ ነገር አለ። ካድሬው እዚህም ተከትሎኝ ገባ እንዴ?»

ጎረቤታችን አይሻ ደንግጣ የእማዬን አፍ በእጇ ከደነችው። ሸክሙን ፈትተን ስናይ፣ በእንሰቱ ቅጠል ብብት ውስጥ ውሃ በቋጠረበት ቦታ ጉርጦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ላራግፋቸው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ተዪያቸው፤ የእነሱም ቤት ፈርሷል» አለችኝ። ችግኙን ምንጩ ዳር ስንተክል እዚያው ወርደው ቀሩ፤ እዚያው ተዋለዱ። ጉርጥህ የመጣው እንዲህ ነው።

«በሚገባ ለምዷል» ትላለህ። እማዬ አልለመደችም። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ወባ ገደላት። እንሰቱም አብዛኛው ደረቀ። አንተ ስለ ጉርጡ ጤና ይህን ሁሉ ገጽ ስትጽፍ፣ ስላዘለው ጀርባ አንዲት ቃል አጣህ?

ወንዳፈረው ሊያበርደኝ ሞከረ። «ወይዘሮ ሰፊያ፣ አይፍረዱበት። እውነቱን ከጻፈ ትምህርቱን አስቋርጠው ይመልሱታል።»

«ታዲያ ይመለሳ!» አልኩት። ጮኼ ኖሯል፤ አይሻ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ጉርጡ የት እንደተገኘና እንዴት እንደመጣ በፊርማዬ እንዳረጋግጥልህ ጠይቀሃል፤ ያለዚያ እንደማያትሙልህም ነግረኸኛል። ፖስታ ቤት ስለማላምን ይህን ደብዳቤ ወንዳፈረው ወደ እናንተ ዘንድ ለሚሄድ ተማሪ በእጁ ይሰጥልኛል። ማረጋገጫዬ ይኸው፦

«ይህን ጉርጥ ከሙዱላ ወደ ጊምቢቹ ያመጣችው እናቴ ሀሊማ ናት። ቤቷን አስፈርሰው ሲያስወጧት ከእንሰቷ ጋር አዝላው መጣች። አብሬያት ነበርሁ። ሰፊያ።»

እንዳለ አሳትመው። ካልደፈርህ ጊምቢቹን ከጽሑፍህ ሰርዝ፤ ጉርጥህም ሙዱላ ይቅር። ቦታውን ወስደህ እናታችንን ከጣልህ ግን ፊርማዬን ሰርቀኸኛል፤ እህት አለችኝም አትበል።

የዚያ አገር ብርድ ደረት ይመታል ይላሉ፤ ሳትደርብ አትውጣ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ልብም ይጨምርልህ።

ያሳደገችህ
ሰፊያ