አንድ ኮከብ ስለሰጣችሁኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማማስ ሳሏ ለቀቃት ወይስ አሁንም ክኒኑን ትራስ ሥር እየደበቀች ዋጥኩ ትላለች? ባልሽስ፣ ከአንቺ አስበልጦ የሚንከባከባት መኪናውስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና አሁን ከምነግርሽ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። ያው የሆቴሉን አንሶላ እተኩሳለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ቀቅሎታል። በስልክ ያልነገርኩሽ ባልሽ ድምፁን አጉልቶ አብሮሽ ስለሚያዳምጥ ነው።

አጭር ልቦለዴ በመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ መውጣቱን ታውቂያለሽ። ብስክሌት ጠጋኝ አባት፣ ልጁ አገር ጥሎ በሚሄድበት ቀን፣ ስንብቱን ትቶ የሰው ጎማ ሲነፋ ይቆያል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አባባን ሥራው ላይ ያየ ሰው ከየት እንዳመጣሁት አይጠፋውም። አዘጋጁ ደግሞ በወሩ መጨረሻ፣ አንባቢ ብዙ ኮከብ የሰጣቸውን ታሪኮች መርጦ መጽሐፍ ሊያደርጋቸው ነው። መጽሐፍ እኮ ነው የምልሽ፣ በእጅ የሚያዝ!

የተከበሩ አንባቢዎቼም ከአምስት ኮከብ ፍርዳቸውን ሰጡ። አንዷ «ሳነብ ሽንኩርቴ አረረብኝ» ብላ ሁለት ሰጠችኝ፤ ምድጃው ላይ የጣድኩት እኔ ይመስል። አንዱ ሠርግ የለውም ብሎ አዘነ። ሌላው «ርእሱን ወድጄዋለሁ፣ ታሪኩን ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» ብሎ አምስት ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ ጊዜ ግን አይስጠው። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ «ይህ አባት ልብ የለውም፤ ልጁ ሲሄድ ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ደራሲው አባት የሚባል ነገር አያውቅም» ብሎ አወረደብኝ። እኔን እኮ ነው!

ይህንንም ችዬው ነበር። ትናንት አዘጋጁ ደውሎ «ወንድሜ፣ ጠላት አለህ እንዴ? ተሰብስበው በአንድ ኮከብ ቀጠቀጡህ» አለኝ። ከፍቼ ሳይ ጠላቶቼ እናንተ! እማማ «ልጄ ጨዋ ነው፣ ጎረቤት አያስቀይምም፣ የሰጡትን ይበላል» ትላለች፤ አንድ ኮከብ። አክስታችን «እልልልል» ብቻ፤ አንድ ኮከብ። ባልሽ «ከዚህ የሚበልጥ ጽሑፍ በዓለም የለም»፤ እሱም አንድ። አዘጋጁ «እያመሰገነ የሚገድል ቤተሰብ ገና ዛሬ አየሁ» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ መልእክትሽ ሲደርሰኝ ነው። «ሁላችንም አንደኛ አድርገንሃል፣ ደስ ይበልህ!» ትያለሽ። ለካ ባልሽ ሰብስቦ «አንድ ማለት አንደኛ ነው፤ አምስት የሰጠው ምቀኛ ነው፣ አምስተኛ አወጣው ማለት ነው» ብሎ አስተምሯችኋል። ለሠፈሩ ሰውም ሊያስተምርልኝ መነሣቱን ሳነብ ካውያውን ረስቼ የሰው አንሶላ አቃጠልኩ።

እባክሽ እታለም፣ በሞቴ፣ ሳይውል ሳያድር ሰብስቢያቸውና አምስት አምስት ያድርጉልኝ። ኮከቡ ሲቀየር የቀድሞው አስተያየት ይጠፋል፤ ይጥፋ። የአክስታችንን እልልታ ስመጣ በአካል እቀበላለሁ።

የአባባን ግን እንዳትነኩት። እሱም እንደ እናንተው አንድ ኮከብ ነው የሰጠኝ። ከሥሩ፣ ለዚያ አስተማሪ መልስ ይመስላል፣ «ጎማው ድሮ ሞልቶ ነበር። ቀና ካልኩ ልጁ መሄዱን ይተዋል ብዬ ነው» ይላል። ሌላ ቃል የለም። ስንት ዓመት ስፈራው የኖርኩትን ሰው ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ገልብጠህ አስቀምጠው ትይኝ ይሆናል፤ ገልብጫለሁ። ግን እዚያው፣ በሽንኩርቷ ሴትዮና በአስተማሪው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየው ይቀመጥ። በእሱ አንድ ኮከብ ከመጽሐፉ ከወደቅኩ ልውደቅ፤ መውደቄ አይቀርም፣ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል፣ ግን ልውደቅ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ክኒኑንም ከትራሱ ሥር አውጪው። አክስታችንን፣ ልጅሽንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ከእንግዲህ ግን ማንንም እንዳያስተምር። ለአባባ ሰላምታ አልላክሁም፤ እሁድ ራሴ እደውላለሁ። ስልኩን ስጪውና ዞር በይ። ሁለታችንም ዝም ካልን ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው፤ የሚቆጥረው የእኔ ካርድ ነው።

የተቃጠለው ወንድምሽ
ከሆቴሉ ልብስ መተኮሻ ክፍል
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በሳምንቱ