ከሰልፉ መጨረሻ የቆሙት የአቶ ባርታሊሽ ዴኔሽ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባርታሊሽ ዴኔሽ ከአባታቸው ከአቶ ባርታሊሽ ሚሃይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬሬስቴሽ ዩዲት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1941 በሩማንያ ትራንሲልቫንያ፣ ሃንጋሪኛ በምንናገርባት በዚችው በሾምፓታክ መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ከዝምታቸው ብዛት እናታቸው “ዲዳ ይሆን እንዴ?” ብለው ሰግተው ነበር ይባላል። በኋላ በሽማግሌዎች ጉባኤ አብረዋቸው የተቀመጡ ሰዎች ግን ምነው በሆኑ ብለው የተመኙበት ቀን አለ።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1955 በዚህ ቤተ ክርስቲያን እምነታቸውን በጉባኤ ፊት መስክረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረቡ። የውትድርና ግዴታቸውን ፈጽመው ሲመለሱም በኅብረት እርሻው የትራክተር ነጂ ሆኑ። በ1967 ከወይዘሮ ባላዥ ፒሮሽካ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሁለት ልጆች አፍርተዋል፤ አንደኛዋ ይህን የምጽፈው እኔ ኤመሼ ነኝ፣ ሁለተኛው ወንድሜ አምብሩሽ ነው።

በ1978 የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሲመረጡ የእርሻው አለቃ “ወይ ትራክተሩን ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ምረጥ” አላቸው። የትራክተሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ የኮሚኒስቱ ሥርዓት እስኪወድቅ ድረስ በከብት በረት እበት ሲዝቁ ኖሩ። “ላሞቹ ሃይማኖቴን ጠይቀውኝ አያውቁም” ይሉ ነበር።

በ1991 የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን ሁሉም ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖት ሳይል ስብሰባ አይጀመርም ነበር። አንድ ክረምት ጣራው ሲያፈስ አንዱ ሽማግሌ ትዕግሥቱ አልቆ “ጋሽ ዴኔሽ፣ የመጣነው ለጣራው ነው እኮ! ጸሎቱን ለእሑድ ብናቆየውስ?” አላቸው። “የምን ቤት ጣራ እንደሆነ መጀመሪያ እንወቅ፤ ከዚያ እንጠግነዋለን” ብለው መለሱለት።

በመንደራችን ለጌታ እራት የሚወጣው በተራ ነው። አስተዳዳሪው ይቀድማል፣ ወንዶች በዕድሜያቸው ይከተላሉ፣ ከዚያ ሴቶች። በ2012 ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት አቶ ሮሽታሽ ጉስታቭ፣ ሰው ጂፕሲ ከሚላቸው ወገን የሆኑት፣ ከነቤተሰባቸው ተምረውና እምነታቸውን መስክረው አባል ሆኑ። በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እነሱ ከሴቶቹም በኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ እንዲቆሙ ወሰኑ። “ይህች ቤተ ክርስቲያን ባትኖር ሃንጋሪኛችን ከጠፋ ስንት ዓመቱ! የኛ ናት” አሉ። አባባም “ቋንቋችንን ጠብቃልናለች፣ እግዜር ይስጥልን። የሞተልን ግን ሃንጋሪያዊ አልነበረም” አሉ። የሰማቸው የለም። እጃቸውን ለውሳኔው ካነሡት መካከል ወንድሜ አምብሩሽ ነበረ።

በማግስቱ ማዕዱ ሲዘረጋ የፊተኛው ቦታ ባዶ ሆነ። አባባ ከአቶ ጉስታቭ ኋላ ቆመው ተገኙ። አቶ ጉስታቭ “ጋሽ ዴኔሽ፣ ኧረ በእግዜር! ይሄ የኛ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ እያየን ነው” ብለው አንሾካሾኩ። “ይየና! ይልቅ ወደፊት ጠጋ በል፣ እግሬን ያመኛል” አሏቸው።

አምብሩሽ ቤት እስኪገቡ አልጠበቀም። ከበራችን ላይ “አባባ፣ በመንደሩ ፊት አዋረዱኝ። እርስዎ እዚያ እስከቆሙ ድረስ እኔ አልቆርብም” አለ። አባባም ቦታቸውን አልለቀቁም። ግትርነት የባርታሊሾች ርስት ነው፤ ለሁለቱም ሳይጓደል ደርሷቸዋል። ባንድ ግቢ ኖሩ፣ ድርቆሽ አብረው አጨዱ፣ ካንድ ድስት በሉ፣ ስለ ላም አወሩ። ማዕድ በተዘረጋ ቁጥር ግን ወንድሜ ከአግዳሚው አይነሣም ነበር።

ውሳኔው ከአምስት ዓመት በኋላ ተሻረ፤ አቶ ጉስታቭም በዕድሜያቸው ተራ ገቡ። አባባ ግን ወደ ፊት አልተመለሱም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው “ያልመጣ ሰው አለ። እሱ ሳይቀድመኝ አልሄድም” አሉኝ።

ባለቤታቸውን በ2020 በሞት ተነጥቀዋል። በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ የሳንባ ሕመም ጣላቸው። በፋሲካ ማግስት ቄስ አሮን ዳቦውንና ወይኑን ይዘው ቤታችን መጡ። እንደ ወጉ ቤተሰብ ከታማሚው ጋር ይቆርባልና እኔ ቆረብኩ፤ ሊጠይቁ የመጡት አቶ ጉስታቭም ቆረቡ። ቄሱ ዳቦውን ሲዘረጉላቸው አባባ “ሁሉም ቆረበ?” ብለው ጠየቁ። አምብሩሽ ከመስኮቱ ሥር እንጨት ይፈልጥ ነበር። “እንግዲያው እጠብቃለሁ፤ እኔ የመጨረሻው ነኝ” አሉ፣ ውጭ እንዲሰማ አድርገው።

መጥረቢያው ዝም አለ። ሁላችንም በሩን አየን። ከዚያ መጥረቢያው እንደገና ጀመረ። ቄሱ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ መልሰው ጠቀለሉት። አባባ ልክ ነበሩ ወይ? አላውቅም። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ሲሞቱም አላለቀስኩም።

አቶ ባርታሊሽ ዴኔሽ ሐሙስ ሜይ 9 ቀን 2024፣ በዕርገት በዓል፣ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሳጥኑን የሠራው አምብሩሽ ነው፤ ሳንቃውን ሌላ ሰው እንዲነካ አልፈቀደም።

ሴት ልጃቸውን ኤመሼን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድሜ ይሏቸው የነበሩትን አቶ ሮሽታሽ ጉስታቭን፣ እንዲሁም እስከ መጨረሻዋ ትንፋሻቸው የጠበቁትን ልጃቸውን አምብሩሽን ትተው አልፈዋል።

በመጪው ሳምንት እሑድ ጰራቅሊጦስ ነው። ማዕዱ ይዘረጋል፤ ዳቦውን የማቅረብ ተራውም የቤታችን ነው። አምብሩሽ፣ አባባ ሳይቆርቡ የሄዱት ሊያስቀድሙህ ብለው ነው። ቦታቸው ባዶ ነው።

በሙታን ትንሣኤ ያመኑትን አባታችንን እግዚአብሔር በዚያች ቀን ያስነሣቸው፤ ማንም በማይቀርበት ማዕድ ዙሪያም ያገናኘን። በረከትና ሰላም ለሁላችሁ።